ጋሽ ባስልዮስ ቀድመው ደርሰዋል

በየከተማው አንድ ቀድሞ ደራሽ አለ። ሰርግ የተጠራ እንደሆነ ድንኳን ተካዮቹን በር ላይ ቆሞ የሚቀበላቸው፣ ስብሰባ ሲኖር ከአዳራሹ ቁልፍ ያዥ በፊት ደርሶ ደረጃው ላይ የሚቀመጥ፣ አውቶቡስ በአስራ አንድ ሰዓት ይነሳል ሲባል መናኸሪያውን ከነዘበኛው የሚቀሰቅስ ሰው። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ከተማ ካለ ገና አልተቆረቆረም ማለት ነው። የጅግጅጋው ቀድሞ ደራሽ ጋሽ ባስልዮስ ናቸው፤ የሂሳብ መምህር፣ የወታደር የልጅ ልጅ፣ በተማሪዎቻቸው አፍ «ቲቸር»፣ በሶማሌ ወላጆች አፍ «መዓሊን»፣ በሌሉበት ደግሞ «ሊቀ ቀዳምያን»።

ሊቀ ቀዳምያን ሰባት ሰዓት ላይ ይምጡ ከተባሉ እንዲህ ያሰላሉ። ሰባት ያሉኝ ስድስት ተኩል ላይ እንድገኝ ነው፤ መንገድ ላይ ሰው ሰላም ሊለኝ ይችላል፤ ባጃጁ ነዳጅ ሊያልቅበት ይችላል፤ እንዲህ እያሉ አምስት ሰዓት ላይ የድንኳን ካስማ ጨብጠው ይገኛሉ። ደጋሾች ይህን ሲያውቁ ለእሳቸው ብቻ ሰዓቱን ገፋ አድርገው መንገር ጀመሩ። እሳቸውም ይህን ሲያውቁ የተገፋውን ቀንሰው መምጣት ጀመሩ። «የዘገየ ይቅርታ ይለምናል፤ የቀደመ ወንበር ይመርጣል» ይላሉ። ችግሩ፣ እሳቸው በሚደርሱበት ሰዓት ወንበሩ ገና ከአከራዩ ግቢ አልወጣም።

አንድ ጊዜ አቶ ጫኔ የሚባሉ ጡረተኛ ጎረቤታቸው ታመው «ተስፋም የለው» ተባለ። ጋሽ ባስልዮስ ጥቁር ኮታቸውን ለብሰው፣ ፊታቸውንም ከኮቱ ጋር አመሳስለው ከተፍ አሉ። አቶ ጫኔ አልጋቸው ላይ ቀና ብለው ሾርባ እየጠጡ ነበር። «ማን ሞቶ ነው ባስልዮስ?» ብለው ጠየቁ። ጋሽ ባስልዮስ ኮታቸውን አውልቀው ክንዳቸው ላይ አጠፉና «ማንም፤ ሙቀቱ ነው» አሉ። አቶ ጫኔ እስከ ዛሬ አሉ። ያዳነኝ መድኃኒቱ ሳይሆን ንዴቱ ነው ይላሉ።

ወደ ቀብሪበያ የሚሄድ ሚኒባስ ደግሞ የመነሻ ሰዓት የለውም፤ ሲሞላ ነው የሚነሳው። ስለዚህ ቀድሞ መድረስ ማለት ከማንም በላይ ረጅም መጠበቅ ማለት ነው። ይህን ለጋሽ ባስልዮስ ያስረዳ ሰው የለም፤ ቢያስረዳም አይሰሙም። ረዳቶቹ እንደ ዕለቱ ማሟሻ ይቆጥሯቸዋል፤ «ሰው አለ፣ ሰው አለ፣ ሊሞላ ነው!» እያሉ በእሳቸው ብቻ ያሻሽጣሉ። እሳቸው መስኮቱ ጋ ተቀምጠው፣ ዣንጥላቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ዓለምን በሙሉ የቀደሙ ሰው በሚያሳዩት ፈገግታ ይጠብቃሉ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ሮማነወርቅ ሲጠየቁ አጭር ነው መልሳቸው። «ሙሽራው መጣ ሲሉ የፀጉሬ ግማሹ ተሠርቶ ግማሹ ቆሞ ነበር። የሰርጋችን ፎቶ ላይ በነጠላ የሸፈንኩት ለምን ይመስላችኋል?»

እኚህን ሰው ከማንም በላይ የምታውቃቸው፣ ከማንም በላይም የተማረረችባቸው ኢልሃን ናት። ኢልሃን የዋርዳ ልጅ ናት፤ ዋርዳ ጅግጅጋ ገበያ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ አላት፤ ባሏ ካረፈ ወዲህ ኢልሃንን ያሳደገችው ከዚያች ሱቅ በሚገኘው ነው። ጋሽ ባስልዮስ ከእነሱ ጋር ግድግዳ ይጋራሉ። በረመዳን ለማፍጠሪያ ሲጠሩ ከአስር ሰዓት ጀምሮ መጥተው ምንጣፉ ላይ ይቀመጣሉ፤ ሰው ሲጾም መብላት ነውር ነው ብለው አብረው ይጾማሉ፤ ሳምቡሳው ሲጠበስ ከሕፃናቱ እኩል ምራቃቸውን ይውጣሉ። ዋርዳ በአማርኛዋ ሁሉንም ሰው «አንተ» ነው የምትለው፤ አክብሮቱን «መዓሊን» የሚለው ውስጥ ታስቀምጠዋለች። «መዓሊን፣ አንተ ክርስቲያን ሆነህ ከኛ በላይ ጾምክ» ትላቸዋለች። «ቀድሜ መጥቼ ነዋ» ይላሉ፤ ኃጢአት የተናዘዙ አይመስላቸውም።

እንግዲህ ለእኚህ ሰው ነው አንድ ቀን ያ ወሬ የደረሳቸው። አሜሪካ ውስጥ ቀድሞ ላመለከተ ተማሪ በር የሚከፍቱ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ ተባለ። ሌላው ገና እርሳስ ሲቀርጽ ቀድሞ የላከው መልሱን ቀድሞ ይሰማል፤ ኢልሃን ያየችው ኮሌጅ ደግሞ ለውጭ አገር ልጅ ሙሉ ስኮላርሺፕ የሚሰጠው ቀድሞ ላመለከተ ብቻ ነበር። ጋሽ ባስልዮስ ይህን ሲሰሙ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ስልሳ ዓመት ሙሉ ሲሳቅባቸው ኖረው፣ ከባሕር ማዶ የሚመስላቸው ሰው አገኙ። «እነዚህ የገባቸው ሰዎች ናቸው» አሉ፤ በዚያው ቀን ኢልሃንን አሳደው ያዟት።

ያን ጊዜ አስረኛ ክፍል ነበረች። ኢንጂነር መሆን ትፈልጋለች፤ እናቷ ከፍላ ልታስተምራት እንደማትችልም ታውቃለች። ጋሽ ባስልዮስ ጥቁር ሰሌዳው ፊት አቆሟትና የአረብኛ ጽሑፍ ይመስል ከቀኝ ወደ ግራ መጻፍ ጀመሩ። «ከመድረሻው ወደ ኋላ ቁጠሪ። ማመልከቻው የሚዘጋው በኖቬምበር አንድ ነው፤ በእኛ ጥቅምት ሃያ ሁለት። ከማመልከቻው በፊት ውጤት አለ። ከውጤቱ በፊት ኤስ ኤ ቲ የሚሉት ፈተና አለ። ከፈተናው በፊት ምዝገባ አለ። ከምዝገባው በፊት ፓስፖርት አለ። ከፓስፖርቱ በፊት ምን አለ?»

«ምን አለ ቲቸር?»

«የልደት ካርድ! ዛሬ ቀበሌ እንሄዳለን።»

ፈተናው በኦክቶበር ካመለጠ የሚቀጥለው ማመልከቻው ከተዘጋ በኋላ ነው፤ ያኔ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል። ኢልሃን ይህ ገብቷታል። ያልገባት ገና ዓመት ከመንፈቅ ሲቀረው የፓስፖርት ሰልፍ ላይ ለምን እንደምትቆም ነው። ሰልፉ ላይ ሲደርሱ ማንም አልነበረም፤ በሩም አልተከፈተም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሽ ባስልዮስ በግድግዳው በኩል አንኳኩተው ይቀሰቅሷት ጀመር። «ኢልሃን! ጂኦሜትሪ!» ትራሷን ጆሮዋ ላይ ታደርጋለች። እናቷ ከወዲህ «ሆዮ፣ ተነሽ፣ አለዚያ ግድግዳውን ያፈርሰዋል» ትላታለች። የሶማሌ እናት ልጇንም «ሆዮ»፣ «እናቴ» ማለት፣ ነው የምትለው፤ ስትለማመጥ ደግሞ ደጋግማ ትለዋለች።

ምዝገባውን ጋሽ ባስልዮስ ራሳቸው ነሐሴ ላይ ፈጸሙት። ኢልሃን ያን ክረምት ከእናቷ ጋር ቀብሪበያ ጨርቅ ትሸጥ ነበር፤ የኢሜይሏን ፓስዎርድ የያዙትም እሳቸው ናቸው፤ «ፓስዎርድ ተማሪ እጅ ላይ አይበረክትም» የሚል መመሪያ ነበራቸው። ከት/ቤቱ የተዋሱት ላፕቶፕም አቧራ እንዳይነካው በሁለት ፌስታል ተጠቅልሎ ቁም ሳጥናቸው ውስጥ ተቀምጧል። የፈተናው አፕ አዲስ አበባ ሲደረስ ይጫናል ተባለ፤ የጅግጅጋ ኔትዎርክ ሰውን መንገድ ላይ ጥሎ ይሄዳልና። ለኢልሃን የደረሳት አንድ ቃል ነው፤ «ጥቅምት አምስት፣ አዲስ አበባ።»

ዋርዳ በጣቷ ቆጠረች። «ማክሰኞ? ማክሰኞ ቀን ፈተና አለ እንዴ መዓሊን?»

«አሜሪካኖች ምን ቀን ይመርጣሉ ወይዘሮ ዋርዳ!»

በቀን ጉዳይ ጋሽ ባስልዮስን የሚከራከር በከተማው አልነበረም። ጅግጅጋ አንዱ ቀን በብዙ ስም የሚጠራባት ከተማ ናት። ቢሮው በሐበሻ ይቆጥራል፤ ከቶጎ ውጫሌ የሚመጣው ዕቃና ከሐርጌሳ የሚደወለው ስልክ በፈረንጅ፤ ጾሙና ዒዱ በጨረቃ። ቀጠሮ ሲያዝ «በየትኛው?» ብሎ መጠየቅ እዚህ ነውር አይደለም። ነጋዴው ሁለቱ ቢምታቱበት ጋሽ ባስልዮስ ቤት ይመጣል፤ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ወዲያው ይመነዝሩለታል። በዚህ ሥራ አንድ ቀንም ተሳስተው አያውቁም ይባላል፤ ይህን የሚሉትም በአብዛኛው እሳቸው ናቸው።

ነገሩ የከረረው መስከረም ላይ ነው። ሐርተሼክ ያለችው የኢልሃን የአክስት ልጅ ኢስተሂል ልታገባ ቀን ተቆረጠ፤ ቅዳሜ፣ መስከረም ሃያ አምስት። ኢልሃንና ኢስተሂል አንድ ምንጣፍ ላይ ያደጉ ናቸው። ቀሚስ ተሰፋ፤ ሂና የምትቀባው ሴትዮ ተነገራት። ጋሽ ባስልዮስ ግን የአውቶቡስ ትኬት ይዘው መጡ፤ የሚነሳው ረቡዕ፣ ከሰርጉ በፊት።

«ቲቸር፣ ፈተናው እኮ ገና ነው!» አለች ኢልሃን።

«መንገድ አለ።»

«መንገዱ ሁለት ቀን ነው!»

«ጎማ አለ። ዝናብ አለ። ኬላ አለ። የበዓል ሰሞን ነው፣ መንገድ ይዘጋል። ደርሰሽ ደግሞ አየሩን መልመድ አለብሽ፤ አዲስ አበባ ብርድ ነው፣ እጅሽ ይደነዝዛል።»

ዋርዳ መሀል ገባች። «መዓሊን፣ ሰኞ ሂዱ። ሰርጉ ይለፍ። ከዚያም በኋላ እኮ ሳምንት ይተርፋችኋል። ሰርግ አይደገምም።»

ጋሽ ባስልዮስ ዣንጥላቸውን መሬቱ ላይ ተከሉ። «ሰርጉ ያለ ኢልሃን ይሆናል። ፈተናው ያለ ኢልሃን አይሆንም።»

ኢልሃን እዚያው አለቀሰች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል የሰሙ አይመስሉም እኚህ ሰውዬ፤ ይህን በልቧ አለች፤ ከዚህ የከፋም አለች። ዋርዳ ሁለት ቀን አኮረፈች፤ በሦስተኛው ወይዘሮ ሮማነወርቅ አብረው እንደሚሄዱና ከእህታቸው ቤት እንደሚያርፉ ስትሰማ እየተነጫነጨች ፈቀደች። መዓሊን የሚሉት ነገር ደስ ባይላትም፣ በልጇ ጉዳይ ለዓመት ከመንፈቅ ያልተኛ ሰው እሳቸው ብቻ መሆናቸውን ታውቃለች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እሳቸው ደግሞ ትኬት ይዘዋል።

ረቡዕ ዕለት መናኸሪያ ሲደርሱ አውቶቡሱ ገና አልታጠበም። ኢልሃን መስኮት ጋ ተቀምጣ፣ ሻርፗን ዓይኗ ድረስ ሳበች። ካራማራን ሲወጡ አላናገረቻቸውም። ባቢሌ ላይ ለውዝ ገዝተው ሲዘረጉላት በዝምታ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ሂርና አካባቢ ጎማው ፈነዳ፤ ተጠባባቂው ጎማም ነፋስ የሌለው ሆኖ ተገኘ። ተሳፋሪው ሁሉ ሲራገም ደስታ ፊቱ ላይ የበራ አንድ ሰው ብቻ ነበር። «አላልኩም? ይኸው ጎማ!» አሉ ጋሽ ባስልዮስ፤ የጠፋ ዘመዳቸውን ያገኙ መሰሉ። ወይዘሮ ሮማነወርቅ «ደስታህን ቀንስ፤ ሹፌሩ በብሎን መፍቻው ይልሃል» አሏቸው።

ሐሙስ ማታ አዲስ አበባ ገቡ። ኢልሃን ስልኳ ላይ የኢስተሂልን የሂና ፎቶዎች እያየች ተኛች።

አርብ ጠዋት ጋሽ ባስልዮስ ለመንገድ ልምምድ እንውጣ አሉ። ፈተናው የሚሰጥበት ት/ቤት ድረስ ሄዶ መመለስ፣ ታክሲው የት እንደሚቆም ማጥናት፣ በሩን በዓይን ማየት ያስፈልጋል። ኢልሃን ላፕቶፑን አዝላ፣ ፊቷን አጥቁራ ተከተለች፤ ወይዘሮ ሮማነወርቅም ሰውዬው ሌላ በር እንዳይቀሰቅስ ብለው አብረው ወጡ። በሩ ላይ አንድ ዘበኛ ወንበር እየደረደረ ነበር።

«ለነገው ናችሁ?» አለ ዘበኛው። «ነገ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ፓስፖርት እንዳይረሳ።»

ጋሽ ባስልዮስ ሳቁ። «አይ ወንድሜ፣ የነገው የሌሎች ነው። የእኛ ኤስ ኤ ቲ ገና አስራ አንድ ቀን አለው። እኛ ቀድመን ነው የመጣነው።»

ዘበኛው ከወንበሩ ቀና አለ። «አባት፣ የነገው ራሱ ነው ኤስ ኤ ቲ። ሌላው ከወር በኋላ ነው። በመሀል ምንም የለም።»

ጋሽ ባስልዮስ አሁንም እየሳቁ ነበር፤ ሳቁ ግን ከፊታቸው ላይ መውረጃ አጣ። ኢልሃን ላፕቶፑን ከፌስታሎቹ አውጥታ የግቢው አጥር ጥግ ላይ አስቀመጠች። ከስልኳ ኔትዎርክ አገናኘች፤ አፑን ጫነች፤ እሳቸው ፓስዎርዱን በቃላቸው እየነገሯት አስገባች። ስሟ መጣ። ከስሟ በታች ቀኑ መጣ። ኦክቶበር አምስት፣ ቅዳሜ።

«ኦክቶበር አምስት» አለች።

«እኮ» አሉ ጋሽ ባስልዮስ። «ጥቅምት አም…»

እዚያ ላይ ቆሙ። ከንፈራቸው ሲቆጥር አየችው። ለነጋዴው ሁሉ ቀን የመነዘሩት ሰው፣ ነሐሴ ላይ ኔትዎርኩ ብልጭ ሲልላቸው፣ ምዝገባው ተሳካ ሲላቸው፣ በደስታ ብዛት አስሩን ቀን መቀነስ ረስተው ነበር። የማመልከቻውን ቀን በትክክል መንዝረዋል፤ የፈተናውን አልመነዘሩትም። ኦክቶበር አምስት በሐበሻ መስከረም ሃያ አምስት ነው። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው።

ጋሽ ባስልዮስ አጥሩ ሥር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አደረጉ፤ ኢልሃን ያለ ባርኔጣ አይታቸው ስለማታውቅ ድንገት በጣም ያረጁ መሰሏት። «ዕድልሽን ልበላው ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «በገዛ እጄ። የሰው ልጅ ዕድል።»

ኢልሃን ሰኞ ሂዱ ያለችውን እናቷን አሰበች። ሐርተሼክ ላይ የተሰቀለውን ቀሚሷን አሰበች። ሰኞ ቢነሱ፣ ሂርና ላይ ጎማው ሲፈነዳ ፈተናው ካለፈ ሁለተኛው ቀን ይሆን ነበር። አዲስ አበባ ደርሰው፣ ጥቅምት አምስት ማክሰኞ ጠዋት፣ ከዚህ ሰውዬ ጋር እዚህ በር ላይ ይቆሙ ነበር፤ ዘበኛውም ምንም ፈተና የለም ይላቸው ነበር። ስኮላርሺፑም፣ ኮሌጁም፣ ዓመት ከመንፈቅ በግድግዳ በኩል የተማረችው ጂኦሜትሪም እዚያው ያበቃ ነበር። ያዳናት ሁሉም ሰው የሚስቅበት፣ እሷም መንገዱን ሙሉ አውቶቡስ ውስጥ የረገመችው የሰውዬው ጠባይ ነው። ስህተታቸው የፈጀውን ቀን ሁሉ ችኮላቸው ከፍሎላታል።

ጎናቸው ቁጭ አለች። «ቲቸር» አለች፤ ከጅግጅጋ ከወጡ ወዲህ እንዲህ ስትጠራቸው የመጀመሪያዋ ነው። «እንኳንም አልሰሙኝ።»

ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ ያዟዙሩ ጀመር። ወይዘሮ ሮማነወርቅ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱና «በል ተነስ ባስልዮስ፤ ለመዘግየት ደግሞ ዛሬን መረጥክ?» አሏቸው። ዘበኛውም ወንበር አምጥቶ ሰጣቸው፤ በዕድሜያቸው ሳይመርጡት ያገኙት የመጀመሪያ ወንበር ይሆናል።

ያን ቀን ማታ ጋሽ ባስልዮስ አንድም መመሪያ አልሰጡም። ኢልሃን ልትተኛ ስትል በሩ ላይ ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ነገ… ስንት ሰዓት እንነሳ? አንቺ በይ።» በሕይወታቸው ሰዓት ሰው ሲጠይቁ ይህ የመጀመሪያቸው ነው።

«በእርስዎ ሰዓት» አለቻቸው።

ሲነጋ ከሁሉም ቀድመው በሩ ላይ ነበሩ፤ ዘበኛው በብርድ ልብሱ እንደተጠቀለለ ከፈተላቸው። የአዲስ አበባ ልጆች በአባቶቻቸው መኪና እየተንጠባጠቡ መጡ፤ አንዷ ፓስፖርቷን ረስታ እያለቀሰች ተመለሰች። ሐርተሼክ ላይ ከበሮ በሚመታበት ሰዓት ኢልሃን ስክሪን ላይ አፍጥጣ የትሪያንግል ስፋት ታሰላ ነበር። እጇ አልደነዘዘም። ስትወጣ ሌሎቹ ወላጆች «እንዴት ነበር? ከባድ ነበር?» እያሉ ልጆቻቸውን ከበቡ። ጋሽ ባስልዮስ የውሃ ጠርሙስ ብቻ ዘረጉላት። «ጠጪ» አሉ፤ ሌላ ምንም አልጠየቁም።

ጅግጅጋ ሲመለሱ ወሬው ቀድሟቸው ገባ። ከተማው ሁሉ «መዓሊን ባስልዮስ ለፈተናው ዋዜማ አድርሰዋታል፤ ምን ዓይነት ስሌት ነው!» ይል ጀመር። እሳቸው ያልሠሩበትን ምስጋና መቀበል አልቻሉም። መምህራን ማረፊያ ክፍል ቆመው «ተሳስቼ ነው፤ አስሩን ቀን ረስቼ ነው» ብለው ተናዘዙ። ማንም አላመናቸውም። «ትሕትናቸው!» ተባለ። አቶ ጫኔ ብቻ አመኑ፤ «እኔንም ገና ሳልሞት ያለቀሰልኝ እሱ አይደል? ቀን ይስታል፤ ግን ቀድሞ ነው የሚስተው» አሉ።

ዋርዳ እውነቱን ከኢልሃን አፍ ሰማች። ሰኞ ሂዱ ያለችው እሷ ናት። ከሰርጉ የተረፈውን ሐልዋ በትሪ ሸፍና የጎረቤቷን በር አንኳኳች። «መዓሊን» አለች፤ «ከዛሬ በኋላ ሰርግም ቢሆን ሞትም ቢሆን፣ አንተ ሂጂ ባልከኝ ቀን እሄዳለሁ።» ጋሽ ባስልዮስ ሐልዋውን ተቀብለው፣ የመጪው ዓመት የረመዳን ጨረቃ መቼ እንደምትታይ ሊያሰሉላት ቃል ገቡ።

ውጤቱ ከማመልከቻው መዝጊያ በፊት ደረሰ፤ ጥሩ ነበር። ማመልከቻውም ሊዘጋ ብዙ ቀን ሲቀረው ተላከ። ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ኢልሃን በእነዚያ ሳምንታት አንድ ነገር ታዘበች። ጠዋት ግድግዳው ከመንኳኳቱ ቀድማ ነቅታ ትጠብቀው ነበር፤ ካልተንኳኳ ደግሞ ታምመው ይሆን ብላ ትጨነቅ ነበር። እሳቸውን እንደምትወዳቸው ያወቀችው ያን ጊዜ ነው። ለሰው ብላ ሰዓቷን የምትሰጥ ነፍስ ብዙ አይደለችም፤ እኚህ ሰውዬ ደግሞ የራሳቸውን አልበቃ ብሏቸው ገና ያልመጣውን ሁሉ ለእሷ ሰጥተዋል።

መልሱ ታኅሣሥ ውስጥ አንድ ጠዋት መጣ። ዋርዳ ለገበያ ቀብሪበያ ሄዳ ነበር። ኢልሃን ግቢው ውስጥ ቆማ ስልኳን ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ ከዚያ ለሦስተኛ ጊዜ ጮክ ብላ ለዶሮዎቹ አነበበችላቸው። እጇ ራሱ ቁጥር መረጠ።

«ቲቸር! ተቀበሉኝ! ሙሉ ስኮላርሺፕ ነው!»

በወዲያ በኩል የክፍል ጫጫታ ይሰማል፤ ከዚያ በር ሲዘጋ፣ ከዚያ ደግሞ አፍንጫቸውን ሲናፈጡ። ቆይተው «ተመስገን» አሉ። «ተመስገን ልጄ። እናትሽ ምን አለች?»

«ገና አልነገርኳትም። መጀመሪያ ለእርስዎ ነው የደወልኩት።»

«ምን አልሽ?» ድምፃቸው ተለወጠ። «አንቺ ልጅ፣ ያሳደገችሽ እናት እያለች እኔ ልቅደም? በዚህ ላይ እኔ አልቀድምም! ዝጊው! አሁኑኑ ዝጊውና ደውዪላት!» ብለው ራሳቸው ዘጉት።

ኢልሃን እየሳቀች የእናቷን ቁጥር መታች። ተይዟል። ደገመች። ተይዟል። የቀብሪበያ ኔትዎርክ ይሆናል ብላ ግቢውን እየዞረች ደጋገመች። በመጨረሻ ዋርዳ አነሳች።

«ሆዮ! ደህና ነሽ? ምን አዲስ ነገር አለ?» አለች፤ ድምፅዋ ከወትሮው ከፍ ብሎ፣ ለንግግር ውድድር የተጠና ይመስላል። ኢልሃን አፏን ከመክፈቷ በፊት ስልኩ ውስጥ ልቅሶና ሳቅ ተደባልቆ ፈነዳ። «ዋላሂ አልቻልኩም! መዓሊን አሁን ደወለልኝ። ኢልሃን ስትደውልልሽ ምንም እንዳልሰማሽ ሁኚ አለኝ፤ ልጅቷ ለአንቺ ቀድማ የነገረች ይምሰላት አለኝ። እንዴት አድርጌ ልቻል?»

ኢልሃን ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። እንባዋ ይወርዳል፤ ለመጥረግም አልሞከረች።

«ንገሪኝ በይ» አለች ዋርዳ፣ አፍንጫዋን ስባ። «እኔ ምንም አልሰማሁም። ከመጀመሪያው ንገሪኝ።»

ኢልሃንም ከመጀመሪያው ነገረቻት።